ቁልቁል የሚወረድበት ኮረብታ

ይድረስ ለአያቴ ለአባባ፣

እንደምን ከረምክ? ሳሉስ ለቀቀህ? የደም ግፊትህን ብጠይቅህ የጠዋቱንና የማታውን ለይተህ፣ ከአምናው ጋር አነጻጽረህ፣ የሐኪሙን ስህተት ጨምረህ እንደምትመልስልኝ ስለማውቅ በደፈናው ጤና ይስጥልኝ ብዬ ልለፈው። እማማስ ደህና ናት? ወገቤን እያለች አሁንም መሰላል ላይ ትንጠላጠላለች? እኔ ደህና ነኝ። ከሂሳብ ፈተናዬ በስተቀር ሁሉም ነገር ደህና ነው።

ሁለት የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ላለ ሰው ደብዳቤ መጻፍ የጤነኛ ሥራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አባዬ ቴምብሩን ስለጥፍ አይቶ፣ "በእግርሽ ብትሄጂ ከደብዳቤው ቀድመሽ ትደርሻለሽ" አለኝ። መድረስማ እደርሳለሁ። ችግሩ ከደረስኩ በኋላ ነው። አንተ በሩን ከፍተህ "መጣሽ? ሻይ አለ" ትላለህ። እኔም እጠጣለሁ። ስለ አየሩ እናወራለን፣ ስለ ጎረቤት ውሻ እናወራለን፣ ንዴቴም ከሻዩ ጋር ቀዝቅዞ ይቀራል። ወረቀት ላይ ያለ ንዴት ግን እንደ ትኩስነቱ ይደርሳል።

ከእናንተ ቤት ወጥቼ ወደ እናትና አባቴ አፓርታማ የተመለስኩት "ለትምህርት ቤት ስለሚቀርባት ነው" እያልክ ለጎረቤት ታወራለህ አሉ። አይቀርበኝም። ይርቀኛል። ከናንተ ቤት በእግሬ እሄድ የነበረውን አሁን ባቡር ውስጥ የሰው ብብት ሥር ቆሜ ነው የምሄደው። የወጣሁት ለምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፣ ድመቷም ታውቃለች። ግን ከዚያ ስብሰባ ወዲህ አንድም ቀን ስላልተነጋገርንበት፣ ዛሬ እኔ ልናገርና አንተ ዝም ብለህ አንብብ። ጣልቃ መግባት የማትችልበት ብቸኛው ወሬ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ፣ የታሪክ ማኅበሩ ውስጥ እኔን ያስገባኸኝ አንተ ነህ። ማመልከቻ አላስገባሁም። የቀበሌው አዳራሽ በነፃ የሚሰጠው "የተለያየ የዕድሜ ክልል" ላላቸው ማኅበራት ነው ሲሏችሁ፣ በሰባና በሰማንያ መካከል ያለው ልዩነት አልበቃ ብሎ እኔን በአሥራ ሦስት ዓመቴ አስመዘገብከኝ። ጓደኞቼ ቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ እኔ በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ጉብኝት ከምትመራበት ቢጫ ባንዲራህ ኋላ ኋላ እየሄድኩ የመንደር ስም ከየት እንደመጣ እሰማ ነበር። ሺዮዶማሪ፦ ከባሕር ጨው ተሸክመው የሚመጡ ሰዎች ያድሩበት የነበረ፣ ዛሬ መኪና የሚያድርበት። ኡማሱተ፦ የሞተ ፈረስ የሚጣልበት፣ ዛሬ የተጠበሰ ዶሮ የሚሸጥበት። አንተ "በድሮ ጊዜ" ብለህ በጀመርክ ቁጥር ጋሽ ኦጊኖ፣ ዕድሜ ልካቸውን የባቡር ጣቢያ ሹም ሆነው ሰዓት ሲያርሙ የኖሩ ሰውዬ፣ ከኋላ "የትኛው ድሮ?" ይላሉ። አንተ ትቆጣለህ። እሳቸው ዓመተ ምሕረት ይጠራሉ። ከዚያ ሁላችሁም ሽንት ቤት ፍለጋ ትበተናላችሁ። የማኅበሩ ጉብኝት ይህ ነበር፤ እኔም፣ ለማንም እንዳትናገር እንጂ፣ እወደው ነበር።

ከሁሉም የምወደው የኡሺናጋሴን ነበር። በሬ-ወሰደ። ሁልጊዜ ከአውቶቡስ ፌርማታው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ቆመህ ነው የምትናገረው፤ ድምፅህም እዚያ ላይ ሲደርስ ይለወጣል። "ወንዝ የድሮ መንገዱን አይረሳም" ትላለህ። ዝናቡ ሳያቋርጥ ዘንቦ ወንዙ ድሮ ይተኛበት ወደነበረው ጉድጓዳ ሜዳ በቀን ተመለሰ። መጀመሪያ በረት ውስጥ የታሰሩትን በሬዎች ወሰደ። ቀጥሎ በሬዎቹን ሊፈቱ የተመለሱትን ሰዎች። የተረፉት ለቦታው ይህን ስም ያወጡለት ማንም ቤት እንዳይሠራበት ነው፤ ሩዝ ይዘራበት እንጂ ሰው አይተኛበት ብለው። "ስም የሙታን ምክር ነው፤ ግንድና ድንጋይ የማይፈልግ አጥር" ትል ነበር። ይህን አረፍተ ነገር የትምህርት ቤት ደብተሬ ጀርባ ላይ ጽፌዋለሁ። አሁን ስቲከር ለጥፌበታለሁ።

ምክሩን ማን ሰማው? ሩዙ ተነቅሎ ቤት ተሠራ። ቤቶቹን የሠራው ድርጅትም ሂዳማሪጋኦካ የሚል ስም ሰጠው። የፀሐይ ሙቀት ኮረብታ ማለት ነው። አባባ፣ ከአውቶቡስ ወርደህ ወደዚህ ኮረብታ ለመውጣት ደረጃውን ቁልቁል ትወርዳለህ። ቁልቁል የሚወረድበት ኮረብታ ያለው በኛ ከተማ ብቻ ይመስለኛል። አድራሻውና ፌርማታው ግን ኡሺናጋሴ እንደሆነ ቆየ። በኋላ ነዋሪዎቹ እሱም ይቀየርልን ብለው ለከተማው አመለከቱ። ከተማውም የታሪክ ማኅበሩን ሐሳብ ልስማ አለ፤ ማኅበሩ በቂ ምክንያት ካቀረበ ስሙ ይቆያል፣ ፌርማታውም ላይ ስለ ጎርፉ የሚናገር ሰሌዳ ይተከላል።

አስረጂ እንድሆን የመረጥከኝ አንተ ነህ። "ሽማግሌ ሲናገር ሰው ሰዓቱን ያያል፤ አንቺን ያዩሻል" አልከኝ። እኔም ስንት ቅዳሜና እሁድ ወለል ላይ በሆዴ ተኝቼ ትልልቅ ካርቶን ላይ ሥዕል ሣልኩ፤ አንድ በአንድ እያነሳሁ ልተርክ። ዝናቡን፣ በረቱን፣ ገመዱን፣ ውሃ ውስጥ የተመለሰውን ሰውዬ። ሰውዬው ያንተን ቅንድብ ይዟል። አይተህ ስቀሃል።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ያቺን ተረከዝ የማትሸፍን የአዳራሽ ነጠላ ጫማ አድርገን፣ የሩዝ ብስኩት እየተቆረጠመ፣ እኔ ተረኩ። በሬዎቹ የተወሰዱበት ሥዕል ላይ ስደርስ አንድ ሕፃን አለቀሰ። እኔም በሆዴ፣ ይኸው አርቲስት ሆንኩ ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ከከተማው ጽሕፈት ቤት የመጣው ሰው መነጽሩን አስተካክሎ፣ "ይህ የማኅበሩ አቋም ነው ወይ?" ብሎ ወደ አንተ ዞረ።

ተነሳህ። ጉሮሮህን ጠረግክ። "ልጆች ተረት ይወዳሉ" አልክ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ቀልደህ ወደ ዋናው ነገር የምትገባ መስሎኝ። "ይሄ የበሬ ነገር እኔው የፈጠርኩት ነው" አልክ። "ትንሽ ሳለች ወንዝ እየወረደች አስቸገረችን፣ ማስፈራሪያ ይሁናት ብዬ ነገርኳት። እሷ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ታምነዋለች። ስለ ስሙ ማኅበራችን ማስረጃ የለውም፤ ቢቀየር አንቃወምም።" ብለህ ተቀመጥክ። ሰው አጨበጨበ። አንተም ከወገብህ ጎንበስ ብለህ ጭብጨባውን ተቀበልክ። እኔ ደግሞ ግማሽ አካሉ ውሃ ውስጥ የገባ በሬ ደረቴ ላይ አቅፌ ቆሜአለሁ።

ጋሽ ኦጊኖን አየኋቸው። የአያታቸውን አያት ያ ውሃ እንደወሰዳቸው በገዛ አፋቸው የነገሩኝ ሰው ናቸው፤ ዓመቱን፣ ወሩን፣ የገመዱን ዓይነት ሳይቀር። ያን ዕለት ግን "የትኛው ድሮ?" የሚል ጠፋ። የነጠላ ጫማቸውን ጫፍ እንደ ጥንት ዕቃ ሲመረምሩ ነበር። ስወጣ የጫማ መደርደሪያው ጋ ደረሱብኝና፣ "ስታድጊ ይገባሻል፣ ልጄ" አሉኝ። "ጋሼ፣ እርስዎ ሰማንያውን አልፈዋል፤ ገብቶዎታል?" አልኳቸው። "አልገባኝም" አሉና ግራና ቀኙን አቀያይረው ተጫምተው ሄዱ። በዚያ ቀን እውነት የተናገረ አዋቂ እሳቸው ብቻ ናቸው።

የሆነውን ያስረዳችኝ እማማ ናት፤ ልብሴን በሻንጣ ስከት እያጣጠፈች ትረዳኝ ነበር። "ስብሰባ ላይ የሚወሰን መስሎሽ ነው?" አለችኝ፤ በእውነት ገርሟት። "ዛፍ ከቦታው የሚነሳው በሚጎተትበት ቀን ነው እንዴ? አስቀድሞ ሥሩ ዙሪያውን ይቆፈራል። አንቺ የደረስሽው ለመጎተቱ ነው።" ከዚያ ወይዘሮ ናሩሚ፣ የታችኛው ሰፈር፣ የዚያ "ኮረብታ" የተባለው፣ ማኅበር ሰብሳቢ፣ ከስብሰባው ቀደም ብለው ቤታችሁ እንደመጡ ነገረችኝ። ያንን ከትልቁ መደብር የተጠቀለለ የባቄላ ጣፋጭ ይዘው። አንተ ተንሸራታቹን በር ዘግተህ ለብቻቸው አነጋገርካቸው፤ ሻይ እንኳ በሩ ሥር ነው የተቀመጠው።

ጣፋጩ ትዝ ይለኛል። ከትምህርት ቤት ስመጣ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንዱን ቁራጭ በላሁ። "ጨምሪ፣ ጨምሪ" አልከኝ። ጨመርኩ። እኔን እንድትክድ የመጣውን እጅ መንሻ እኔው ራሴ ጥርግ አድርጌ በላሁት፤ ጣቴንም ላስኩ።

ወይዘሮ ናሩሚን አልጠላቸውም። ባላቸው ወደ ሩቅ ከተማ ተዛውሯል፣ ልጆቹ አባታቸውን በስልክ ነው የሚያዩት። ቤቱን ሸጠው እንዳይከተሉት ገዢ ሁሉ አድራሻውን ሲሰማ "እስቲ እናስብበት" ብሎ ይጠፋል። ሰው ለልጆቹ ሲል ጣፋጭ ይዞ ሽማግሌ ቤት ቢሄድ ምን ይደንቃል? እኔም እሄድ ነበር። እሳቸው የካዱኝ ነገር የለም። ያኔ እኔን አያውቁኝም ነበር።

አንተ ግን ታውቀኛለህ። የሚያንገበግበኝን ልንገርህ? ክህደቱ አዳራሹ ውስጥ ብቻ አይደለም። እሳቸው መጥተው ከሄዱ በኋላ ባለው ቅዳሜ ወለሉ ላይ አጠገቤ ተንበርክከህ፣ "የበሬው ቀንድ ልክ አይደለም፤ የኛ አገር በሬ ቀንዱ ወደ ውስጥ ነው የሚታጠፈው" ብለህ እርሳሴን ተቀብለህ አስተካከልክልኝ። በደንብ አድርገህ፣ ምላስህን በጥርስህ ይዘህ። ያን ጊዜ ወስነህ ጨርሰህ ነበር። ቃልህን ሰጥተህ ነበር። "ተዪው ልጄ፣ አትድከሚ" ማለት ትችል ነበር። አንተ ግን ለማይነገር ታሪክ ቀንድ ሣልክ። ብዙ ቀን አስቤበታለሁ፤ ሰው ሊያሰጥመው ለቆረጠው በሬ እንዴት ቀንድ ያሳምርለታል?

ስሙም ተቀየረ። አውቶቡሷ ውስጥ ያለችው ድምፅ፣ ያቺ ጉንፋን ይዟት የማታውቅ ሴትዮ፣ "ቀጣይ፣ ሂዳማሪጋኦካ" ማለት ጀመረች። እኔም ከማኅበሩ መውጣቴን በቃል ነገርኳችሁ፤ ጋሽ ኦጊኖም አዳራሹ በነፃ መሰጠቱ ይቀር ይሆን ብለው ተጨነቁ።

ከዚያ አውሎ ነፋሱ መጣ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የከተማው ድምፅ ማጉያ "ዝቅተኛ ቦታ የምትኖሩ ወደ ትምህርት ቤቱ ውጡ" እያለ ሲጮህ የታችኛው ሰፈር ሰዎች መስኮታቸውን ዘግተው ቴሌቪዥን ያዩ ነበር። ዝቅተኛ ቦታ የተባለው ሌላ ሰፈር መስሏቸው ነው። እነሱ የሚኖሩት ኮረብታ ላይ ነዋ።

ቀጥሎ የሆነውን የነገሩኝ ወይዘሮ ናሩሚ ናቸው፤ ዳቦ ቤት ተሰልፈን ስንጠብቅ። በራቸው ተንኳኳ። ቢከፍቱ አንተ ነህ፣ በዝናብ ኮት፣ ቢጫ ባንዲራህን ይዘህ። "ጋሼ፣ በዚህ ዝናብ ደግሞ የምን ጉብኝት ነው?" አሉህ። አንተም፣ "ልጆቹን ይዛችሁ አሁኑኑ ውጡ። ወንዙ የድሮ መንገዱን አይረሳም። መጀመሪያ የወሰደው በሬዎቹን ነው፣ ቀጥሎ በሬዎቹን ሊፈቱ የተመለሱትን። ለዕቃ ብላችሁ እንዳትመለሱ" አልካቸው። ቃል በቃል፣ አባባ። ጉብታው ላይ ቆመህ እንደምትለው። ከዚያ ወደሚቀጥለው በር። ውሃው መጥቶ ሳሎናቸው ገብቶ የመጻሕፍት መደርደሪያቸው ወገብ ላይ ቆመ። ሰው ግን አልነካም፤ ሁሉም ትምህርት ቤቱ ወለል ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው ነበር። አሁን ሰፈሩ በሙሉ "የባንዲራው ሽማግሌ" ይልሃል። ኮራሁ ወይ? ኮራሁ። አልዋሽም፤ በቤታችን አንድ ዋሾ ይበቃል።

ግን ደግሞ ተናደድኩ፣ ከበፊቱ ብሼ። እኔን ተረት ወዳድ ያሰኘህበትን ታሪክ በየደጁ እየዞርክ እውነት ብለህ ተናገርክ፤ ለማያውቁህ ሰዎች፣ በዝናብ። የኛ ቤት በር ሁለት ፌርማታ ነው። እሱን አላንኳኳህም።

ወይዘሮ ናሩሚ አንድ ነገር ጨመሩልኝ። ከተናገርክ በኋላ ወዲያው አልሄድክም አሉ። ዝናቡ ላይ ቆመህ ጎንበስ አልክ፣ ከኮትህ ኮፍያ ላይ ውሃው እየፈሰሰ፣ ብዙ ቆየህ። "ይቅር በሉኝ" አልክ። "ምስኪን፣ ስላስቸገረን እኮ ነው" አሉኝ እሳቸው። እኔ ግን አንተን አውቃለሁ። ሰው አስቸግረህ ይቅርታ ጠይቀህ አታውቅም፤ ማስቸገር መብትህ ይመስልሃል። ስለዚህ ሰፈሩን ዞሬ ጠየቅኩ። በታችኛው ረድፍ ባሉት ቤቶች በር ሁሉ ላይ እንዲሁ ጎንበስ ብለሃል። በላይኛው ረድፍ አንኳክተህ፣ ነግረህ፣ ሄደሃል።

ለሳልህ ሐኪም ቤት በሄድክበት ጠዋት እናንተ ቤት መጥቼ ነበር። እማማ አልነገረችህም፤ እኔ ነኝ አትንገሪው ያልኳት። ካኪ የሚባለውን ብርቱካንማ ፍሬ እየላጠች ለማድረቂያ ክር ላይ ትሰካ ነበር። "እማማ፣ የታችኛው ረድፍ ያለበት ድሮ የማን ማሳ ነበር?" አልኳት። ቢላዋዋ አልቆመም። "ሩዙ ጥሩ ነበር" አለች። "ማን ነበር የሚያርሰው?" "የበላነው እኛ ነን" አለችና የላጠችውን ካኪ ከፍላ ግማሹን ሰጠችኝ። አብረን በላን። ማን እንደሸጠው አልጠየቅኳትም። ሲሸጥ ስለ በሬዎቹ ለገዢው የነገረ ሰው ነበር ወይ ብዬም አልጠየቅኳትም። ወይዘሮ ናሩሚንም በዚያ በተዘጋ በር ውስጥ ምን ብለው እንደጠየቁህና አንተ ምን መልስ እንዳጣህ አልጠየቅኳቸውም።

ብቻ ወደ ቤት ስመለስ ከጉብታው ላይ ቆምኩ። ባንዲራ ይዘህ ስንት ዓመት ሙሉ በየወሩ እዚያው ቦታ ላይ፣ ፊትህን ወደ ቤቶቹ አዙረህ፣ ጮክ ብለህ የምትናገረው ለጎብኚ መስሎኝ ነበር። ጎብኚዎቹ ከኋላህ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አንተን መቆጣት ይከብደኛል። ቢከብደኝም አልተውኩትም፤ ያንተ ጥፋት ከባድ ስለሆነ የኔ ቅሬታ ይቅለል የሚል ሕግ አላውቅም።

አሁን የምፈልገውን ልንገርህ። ጎንበስ እንድትልልኝ አልፈልግም። ሻይም፣ ጣፋጭም አልፈልግም። በሚመጣው ወር የማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ በዚያው አዳራሽ ነው፣ ሰፈሩም ተጠርቷል። እዚያ ተነስተህ፣ "ልጅቷ የተናገረችው እውነት ነበር" በል። ይኸው ነው። ይህን ስትል አንድ ሰው "ታዲያ ያኔ ለምን ካድክ?" ብሎ እንደሚጠይቅህ አውቃለሁ፤ አንተም ታውቃለህ። ለዚህ ነው ዝም ያልከው። እሱን ጥያቄ እኔ አልመልስልህም፤ ግን ስትመልስ አጠገብህ እቀመጣለሁ።

ደግሞ ያለፈውን ስህተት አልደገምኩም፤ እማማ እንዳለችው ሥሩን አስቀድሜ ቆፍሬአለሁ። በዚህ ሳምንት ከትምህርት ቤት መልስ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሻይ ስጠጣ ሰንብቼ ሆዴ ኩሬ ሆኗል። ጋሽ ኦጊኖ የአያታቸውን አያት ስም ጠርተው ሊናገሩ ቃል ገብተዋል፣ ዓመተ ምሕረቱን አሳጥሩልኝ ብያቸዋለሁ። ወይዘሮ ናሩሚ የድሮው ስም ፌርማታው ላይ ይመለስ ብለው መጀመሪያ እጅ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው፤ "ከሚገዛኝ ሰው ደብቄ አልሸጥም" አሉኝ፣ ይህን ሲሉ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያዩ። ያልገባሁበት አንድ በር ቀርቷል። ለዚያ በር ደግሞ ሻይ ስለሚያሸንፈኝ ነው በደብዳቤ የመጣሁት።

በል ደህና ሁንልኝ። ከሳልህ ይማርህ፣ እማማንም ከመሰላል ይጠብቅልህ። ላንተ ደግሞ ጉልበትህን ያበርታልህ፤ ከወንበር ተነስቶ መቆም የሚከብደው እስኪነሱ ድረስ ነው።

ያንተው የልጅ ልጅ